የአመራር ግምገማ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 13 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ላይ ሹክሪያ አባቢያ አንድ ወረቀት በአራት እስፒል የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ሰካች። ቀኑን አትረሳውም። በዋዜማው ኅዳር ሲታጠን ቴፒ ቆሻሻዋን ስታቃጥል ነው የዋለችው፤ በማግስቱም ጭሱ ከእሸት ቡና ልጣጭ ሽታ ጋር ተደባልቆ በየቆርቆሮው ጣሪያ ላይ ተኝቶ ነበር። ሰዓቱንም አትረሳውም። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ክፍል ስለነበራት ስልኳን አይታ፣ «አሥር ደቂቃ አለኝ» ብላ ለራሷ ተናግራለች።

ሹክሪያ በቴፒው ዩኒቨርሲቲ ረዳት ምሩቅ ነበረች፤ ተማሪዎቹ «ጂ ኤ» ይሏታል። ረዳት ምሩቅ ማለት መምህሩ ሲያስተምር ከኋላ የሚቀመጥ፣ መምህሩ ሲቀር ከፊት የሚቆም፣ ስም የሚጠራ፣ ፈተና የሚያርም፣ ጠመኔ ሲጠፋ የሚጠየቅ ሰው ነው። አባቷ ከጅማ ወገን መጥተው ሚዛን ተፈሪ ላይ ጨርቃ ጨርቅ የሚነግዱ ሰው ናቸው። ቤት ውስጥ ኦሮምኛ፣ ደጅ አማርኛ እየተናገረች አደገች። አማርኛዋ ለገበያም ለክፍልም ይበቃል፤ አልፎ አልፎ ብቻ አንድ ቃል ከእጇ ያመልጣል።

የተመደበችው ለጋሽ ገሠሠ ነው። ጋሽ ገሠሠ አመራር የሚባለውን ትምህርት የሚሰጡ፣ ጡረታ ለመውጣት ሁለት ዓመት የቀራቸው፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲቀልዱ እንኳ ፊታቸው የማይፈታ ሰው ናቸው። በየዓመቱ የመጀመሪያው ቀን ክፍል ይገቡና፣ «መሪ ማን ነው?» ብለው ይጠይቃሉ። ተማሪው መጽሐፍ የሚለውን ሁሉ ይዘረግፋል፦ ራእይ ያለው፣ ተከታይ ያለው፣ ሌላውን የሚያነቃቃ። እሳቸው ሁሉንም ሰምተው ሲያበቁ፣ «በር ሲንኳኳ ‹ማነው?› ብሎ የሚነሣው ነው» ይላሉ። ክፍሉ ይስቃል።

«ሳቁ፣ ሳቁ። ሲንኳኳ እንተያያለን» ይላሉ።

አንድ የሚደብቁት ነገር ነበራቸው። ቀኝ እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ካለፈው ዓመት ወዲህ ብሶባቸው፣ ጠመኔ ሲይዙ ሰሌዳው ላይ የሚወጣው መስመር የዶሮ ጭረት ይመስል ነበር። ስለዚህ ሰሌዳ ላይ የምትጽፈው ሹክሪያ ናት። ፈተናውን የምትጽፈው፣ ውጤት የምትሞላው፣ ማስታወቂያ የምትለጥፈውም እሷ። ሰው ሲጠይቃቸው «ልጅቷ ሥራ ትልመድ ብዬ ነው» ይላሉ። እጃቸውን ኪሳቸው ከትተው ሲያስተምሩ ተማሪው ኩራት ይመስለዋል።

«ይህን ዲኑ ከሰማ፣ መጻፍ የማይችል መምህር ተብዬ ሁለቱን ዓመት ሳልጨርስ እሸኛለሁ» ብለዋታል አንድ ቀን። «አንቺና እኔ ብቻ።»

«ወላሂ ጋሼ፣ ከእኔ አይወጣም» ብላ ምላላቸዋለች።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ከሚዛን ደወሉላት። የሄዱት እጃቸውን ለሐኪም ሊያሳዩ ነው፤ ለግቢው ሰው ግን «ዘመድ ጥየቃ» ነው ያሉት።

«ሹክሪያ፣ ነገ በምሳ ሰዓት እገባለሁ። ለሦስተኛ ዓመቶቹ ሐሙስ በስምንት ሰዓት በትልቁ አዳራሽ ፈተና እንዳለ ንገሪልኝ። በቡድን አይደለም በያቸው። አንድ ለአምስት እየሆኑ አንዱ ሠርቶ አምስቱ ይፈርማሉ። ይኼኛው ለየራስ ነው።»

«እሺ ጋሼ። በእንግሊዝኛ ልጻፈው?»

«ተይ እባክሽ! ባለፈው በእንግሊዝኛ ጽፈሽ ግማሹ ‹አልገባንም› ብሎ ቀረ። በአማርኛ ይሁን። በእኔ ስም አድርጊው ደግሞ፤ የጂ ኤ ማስታወቂያ ማን ያነብልሻል?»

እንደተባለችው አደረገች። በትምህርቱ ዝርዝር ላይ ያለውን የእንግሊዝኛ ቃል ወደ አማርኛ ስትመልሰው «ምዘና» የሚለው አልመጣላትም፤ የመጣላት «ግምገማ» ነው። በትልልቅ ፊደል፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ እንዲህ ብላ ጻፈች፦

«ለሦስተኛ ዓመት ተማሪዎች በሙሉ። ሐሙስ ኅዳር 15 ከቀኑ 8 ሰዓት በትልቁ አዳራሽ የአመራር ግምገማ ይካሄዳል። ከአንድ ለአምስት ውጭ ሁሉም በየራሱ ይምጣ። መቅረት አይቻልም። መምህር ገሠሠ።»

ደግማ አነበበችው። ፊደል አልገደፈችም። ደስ አላት።

ክፍሏን ጨርሳ ቢሮ ስትገባ አራት ሰዓት አልፎ ነበር። ቢሮውን የሚጋራት ታፈሰ የሚባል፣ አፉን በቤንችኛ የፈታ የሸዋ ቤንች ልጅ ነው፤ እሱም ጂ ኤ ነው፤ ሳይቀልድ የማይውል። ያን ቀን ግን በሩን ከኋላዋ ዘጋው።

«አንቺ ልጅ፣ ምን ሆነሽ ነው?»

«ምን ሆንኩ?»

«ወረቀቱን ማለቴ ነው። የሰሌዳውን።»

«የፈተናው? ምን አለው?»

ታፈሰ ፊት ለፊቷ ቆሞ ወረቀቱን በቃሉ ወጣው። አንዲት ቃል አልጨመረም፤ አንዲት አልቀነሰም። ያነበበው ግን እንደ ዜና አንባቢ ድምፁን ጎርነን አድርጎ ነው፤ ሹክሪያም የጻፈችውን ያን ጊዜ ገና ሰማችው።

አመራር የሚለው ቃል በእሱ አፍ ትምህርት አልነበረም፤ ከላይ የተቀመጡት ሰዎች ነበሩ። ግምገማ ፈተና አልነበረም፤ ባለሥልጣን መሐል ተቀምጦ ጉዱ የሚዘረገፍበት ስብሰባ ነበር። አንድ ለአምስትም የክፍል ቡድን ብቻ አይደለም፤ ቀበሌው፣ መሥሪያ ቤቱ፣ መንደሩ ሁሉ የተደራጀው በዚያው ነው። ከዚያ ውጭ ሁሉም በየራሱ ይምጣ፤ መቅረት አይቻልም! የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከወጣ ሁለት ወር አልሞላውም። ሳያስፈቅዱ ሰው መሰብሰብ ክልክል ነው። ከሥሩ ደግሞ የጋሽ ገሠሠ ስም አለ።

«ያ ረቢ!» አለች ሹክሪያ።

«ምዘና ማለት አቃተሽ? አራት ፊደል እኮ አይሞላም!»

«ተማሪው ምን ይላል?»

«ግማሹ ይስቃል። ግማሹ ‹የእውነት ነው እንዴ?› ይላል። አንዱማ ‹እኔ ጥያቄዬን አዘጋጅቻለሁ› ሲል ሰምቼዋለሁ። ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው፣ ሹክሪያ። ሂጂ አንሺው፤ ቶሎ!»

ሮጠች። ሰሌዳው ላይ የቀሩት አራቱ እስፒሎች ነበሩ። ወረቀቱ የለም። የኮሪደሩ ጽዳት ሠራተኛ ማናልሞሽ መጥረጊያዋን ተደግፋ ታያታለች።

«እትዬ ማናልሞሽ፣ እዚህ ላይ የነበረውን ወረቀት አንሥተሽዋል? አንሥቼዋለሁ በይኝ።»

«እኔ ምን አገባኝ ልጄ። ሁለት ሰዎች ወሰዱት። አልቀደዱትም፤ እስፒሉን አንድ በአንድ ነቅለው መልሰው ሰኩት፤ ወረቀቱን እንደ ደብዳቤ አጠፉት። የዚህ ግቢ ሰዎች አይደሉም፤ ጫማቸው ጭቃ አልነካውም። የዲኑ ቢሮ የቱ ነው አሉኝ፣ አሳየኋቸው። ምነው፣ ገንዘብ ነበረው እንዴ? ፊትሽ አመድ መሰለ።»

እስፒሉን መልሰው መሰካታቸው ከሁሉ በላይ አስፈራት። የተናደደ ሰው እንዲያ አያደርግም። እንዲያ የሚያደርገው ጊዜ ያለው ሰው ነው።

ለጋሽ ገሠሠ ደወለች። ስልኩ አይሠራም። ደግማ ደወለች። በሦስተኛው ስልኩን ቦርሳዋ ከተተችና በጓሮው በር ወጥታ ባጃጅ ያዘች፤ ግቢ ሳይገቡ መናኸሪያ ልታገኛቸው ነው። መንገዱ ግራና ቀኝ ቀይ ቡና በሽቦ ማድረቂያ አልጋ ላይ ተሰጥቷል፤ ሴቶች እያገላበጡት ያወራሉ፤ ቀኑ እንደማንኛውም የለቀማ ቀን ነው። ለሹክሪያ ግን ሁሉም ዓይን ሆኖባት ነበር። የባጃጁ ሹፌር በመስተዋቱ ሁለት ጊዜ አያት። አንድ ነጭ ፒካፕ ቀድሟቸው ሄደ። «ቶሎ በል» ለማለት ፈራች፤ «ቀስ በል» ለማለትም ፈራች።

መናኸሪያው ውስጥ ከጭነት ከረጢቶች አጠገብ ከአምስት ሰዓት ጀምራ ቆመች። ከሚዛን ሁለት ሚኒባስ መጣ፤ የሉበትም። ሦስተኛው ስድስት ሰዓት ተኩል ሲሆን ደረሰ። ጋሽ ገሠሠ ቀኝ እጃቸውን ኪሳቸው ከተው፣ በግራቸው በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ይዘው ወረዱ።

«አንቺ! ልትቀበይኝ መጣሽ? አባትሽ ሱቅ ጎራ ብዬ ነበር። ሻሽ ልከውልሻል፤ ‹ሰላም በላት፣ ደግሞ ትብላ፣ ከሳች› ብለውሻል።»

ሻሹን ተቀብላ ሁሉንም ነገረቻቸው። ወረቀቱን ቃል በቃል ስትነግራቸው ያ የማይፈታ ፊታቸው ተፈታና ሳቁ፤ ትከሻቸው እስኪናጥ ሳቁ። ወዲያው ሳቃቸው ቆመ።

«የወሰዱት ሰዎች ዲኑ ጋ ናቸው?»

«አዎ ጋሼ።»

«ጽሕፈቱ ያንቺ፣ ስሙ የእኔ። አንድ ለአምስቱ ቀርቶ አንድ ለአንድ ሆንና!»

«እኔ እነግራቸዋለሁ። ስሕተቱ የእኔ ነው እላቸዋለሁ።»

«ምን ብለሽ? ‹እኔ ጻፍኩት› ስትዪ ‹በእሳቸው ስም ለምን?› ይሉሻል። ያን ጊዜ እጄ ይመጣል። ከእጄ ጋር ያለፈው ዓመት ውጤት ሁሉ ይመጣል፤ የሞላሽው አንቺ ነሽ። ሁለታችንም አለቀልን። እኔ ጻፍኩት ካልኩ ግን የአንድ ቃል ስሕተት ነው፤ አስረዳለሁ፣ ያልቃል። አንቺ ዝም በይ።»

«ቢያስሩዎትስ?»

«ለአንድ ቃል?» አሉ። ይህን ሲሉ ግን ወዲያና ወዲህ አዩ፤ ድምፃቸውንም ዝቅ አድርገው ነበር።

ከዲኑ ቢሮ ደጅ ያ ነጭ ፒካፕ ቆሟል። ሲገቡ ሁለቱ ሰዎች ሻይ ይጠጣሉ። አንዱ መነጽር ያደረገ፣ ጠና ያለ ነው። ሌላው ወጣት ነው፤ የቆዳ ጃኬቱን በዚያ ሙቀት አላወለቀም። ዲኑ ከጠረጴዛው ኋላ ተቀምጦ እጆቹን ያያል። ሹክሪያ በሩ አጠገብ፣ ሻሿን እንደታቀፈች ቆመች፤ ውጪ አላላትም፣ ግቢም አላላትም ማንም።

ባለመነጽሩ ትሑት ነበር። «መምህር፣ ይቀመጡ። ይህን ወረቀት ያውቁታል?»

«አውቀዋለሁ። የእኔ ማስታወቂያ ነው» አሉ ጋሽ ገሠሠ። ረጋ ብለው አስረዱ። የትምህርቱን ዝርዝር ከቦርሳቸው በግራ እጃቸው አውጥተው አሳዩ። አመራር ማለት ይህ ትምህርት ነው፤ ግምገማ ያልኩት ፈተናውን ነው፤ አንድ ለአምስት ያልኩት እንዳይኮራረጁ ነው። ዲኑም ቀና ብሎ «ትምህርቱ በርግጥ አለ» አለ። ባለመነጽሩ ዝርዝሩን ገልብጦ አየ። ከንፈሩ ዳር ላይ ፈገግታ የመሰለ ነገር መጣ። ሹክሪያም የተገላገሉ መሰላት።

«እንግዲህ የቋንቋ ነገር ነው» አለ ባለመነጽሩ። «ለመዝገብ ያህል፣ እዚህች ላይ ያንኑ ቃል ይጻፉልንና እንሂድ።»

ነጭ ወረቀትና እስክሪብቶ አስጠጋላቸው።

ጋሽ ገሠሠ ወረቀቱን አዩት። ቀኝ እጃቸውን ከኪሳቸው አወጡ። እስክሪብቶውን ሲያነሡት ጠረጴዛውን ሁለት ጊዜ መታው። «የአ» ብለው ጀመሩ፤ «አ»ው እግሩ ተጣሞ ወደ ታች ሸሸ። ክፍሉ ውስጥ የእስክሪብቶው ጫፍ ወረቀቱን ሲነካ፣ ጠቅ ጠቅ ጠቅ፣ ይሰማ ነበር።

«ምን ያንቀጠቅጥሃል?» አለ ባለጃኬቱ።

ንግግሩ ከ«እርስዎ» ወደ «አንተ» የወረደው በዚያች ቅጽበት ነው።

«ፈርቼ ነው» አሉ ጋሽ ገሠሠ።

«ንጹሕ ሰው ምን ያስፈራዋል?»

«ንጹሕ ሰው አይፈራም ያለህ ማነው?»

ባለመነጽሩ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አደረጋቸው። ፈገግታው ጠፋ። «ይህኛውን የጻፈው ሌላ ሰው ነው። ማን ጻፈልህ? ማን ሰጠህ?»

«እኔ ነኝ። ስፈራ ጽሕፈቴ ይበላሻል።»

ይህን ሲሉ ጋሽ ገሠሠ መስኮቱን ያያሉ። ወደ በሩ አንድ ጊዜ እንኳ አልዞሩም። ባለጃኬቱ ግን ዞረ።

«አንቺ ማነሽ?»

«ጂ ኤ ነኝ። የእሳቸው።»

«ነይ እዚህ።» ወረቀቷን አፍንጫዋ ሥር አመጣላት። «ይህ የማን ጽሕፈት ነው?»

የራሷ «ግ» አለች፣ እግሯን ዘርግታ። የራሷ «መ» አለች፣ ሆዷ የተነፋ። አራቱ የእስፒል ቀዳዳዎች አሉ። «የእኔ ነው» የሚለውን ቃል አስባዋለች። የሰማችው ግን ሌላ ነው።

«የጋሽ ገሠሠ ነው» አለች።

ጋሽ ገሠሠ ራሳቸውን ነቀነቁ። ክፍል ውስጥ ጥያቄ ጠይቀዋት በትክክል ስትመልስ እንደሚነቀንቁት አድርገው።

ወሰዷቸው። ነጩ ፒካፕ ከግቢው ሲወጣ ማናልሞሽ ደረጃው ላይ ቆማ፣ «ውይ፣ ምሳ እንኳ አልበሉም» አለች።

ያን ቀን ሹክሪያ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ነገሩን በየወገኑ አገላበጠችው። ምዬላቸዋለሁ። ዝም በይ ብለውኛል። ብናገር ይብስባቸው ነበር። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ግማሹ። ያን ቃል ስትናገር ግን መሐላው ትዝ እንኳ አላላትም፤ ትዝ ያላት ፒካፑ ነበር። ፍርሃቷም አሁን ቦታ ለወጠ፦ እስከ ቀትር ድረስ እንዳያገኟት ነበር የፈራችው፤ ከቀትር ወዲህ ግን እሷን አልፈው እሳቸውን መውሰዳቸውን እያወቀች መኖሩ ያስፈራት ጀመር።

ረቡዕ ጠዋት የአባቷን ሻሽ ጠምጥማ ፖሊስ ጣቢያ ሄደች። ታፈሰ እስከ በሩ ሸኛት፤ «እኔ የሸዋ ቤንች ልጅ ነኝ፣ ከዚህ በኋላ ያለውን አማርኛ አላውቀውም» አለ። ሊያስቃት ነበር። ሁለቱም አልሳቁም።

ባለመነጽሩን አገኘችው። «ወረቀቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ» አለች፤ ድምፅዋ የሌላ ሰው ይመስል ነበር። የእጃቸውን ነገር ተናገረች። መሐላዋን አፈረሰች። ያለፈውን ዓመት ውጤት የሞላችው እሷ መሆኗን ሳይጠይቃት ተናገረች። ወረቀት ሰጣት፤ ጻፈች። ሌላ ሰጣት፤ ጻፈች። «የአመራር ግምገማ፣ የአመራር ግምገማ» እያለች አሥራ ሁለት ጊዜ ጻፈችው፤ እጇ እየተንቀጠቀጠ ፊደሏ እንዳይለወጥባት በግራዋ እየያዘችው።

«ትናንት ለምን አልተናገርሽም?»

«ፈርቼ።»

«ዛሬስ?»

«ዛሬም ፈርቻለሁ።»

ሰውየው አሥራ ሁለቱን መስመሮች ከማስታወቂያው ጋር አስተያየ። አግዳሚ ወንበር ላይ እስከ አሥር ሰዓት አስቀመጧት። በአሥር ሰዓት አንድ ፖሊስ መጥቶ «ሂጂ» አላት።

ጋሽ ገሠሠ የተፈቱት ከዘጠኝ ቀን በኋላ፣ ኅዳር 22 ነው። በእሷ ቃል ይሁን በሌላ ምክንያት የነገራት የለም። እሳቸውም አልጠየቋት። ከስተው ነበር፤ የእጃቸው መንቀጥቀጥ ወደ አገጫቸው ወጥቷል። ዲኑ የእጃቸውን ነገር ሰምቶ፣ «ታዲያ ልጅቷ ትጻፍልዎት፤ ምን ችግር አለው?» ብሎ አለፈው። ዓመት ሙሉ የፈሩት ነገር ይኸው ነበር።

«ጋሼ፣ ያን ቀን እኔ...» አለች አንድ ጠዋት፣ ቢሮ ውስጥ ሁለቱ ብቻ ሲሆኑ።

«ምዘና» አሉ ጋሽ ገሠሠ። «ቃሉ ምዘና ነው። ፈተናው ታኅሣሥ 6 ይሁን፤ ጻፊው። በስምሽ አድርጊው፤ አሁንማ ይነበባል።»

ጻፈች። መቶ ሰባት ተማሪ ተፈተነ፤ የቀረ አልነበረም። የመጀመሪያው ጥያቄ «መሪ ማን ነው?» የሚል ነበር። ጋሽ ገሠሠ ራሳቸው ያረሟቸውን ወረቀቶች ውጤት ሹክሪያ ስትሞላ፣ በር ሲንኳኳ ስለሚነሣው ሰው የጻፉትን ሁሉ ግማሽ ነጥብ ቀንሰውባቸው አገኘች። ለምን እንደሆነ ስትጠይቃቸው፣ «እኔ እንዳልኩት ስለጻፉ ነው» አሉ።

ጋሽ ገሠሠ ጡረታቸውን ሳያዩ መጋቢት 19 ቀን 2010 ዓ.ም. አረፉ። የቀብራቸውን ማስታወቂያ በዚያው ሰሌዳ ላይ፣ በአራት እስፒል፣ የለጠፈችው ሹክሪያ ናት። በሰማያዊ እስክሪብቶ ጽፋው ከሥሩ «ሹክሪያ አባቢያ» ብላ ፈረመችበት።